ዶሮዎቹ መልሰው አንኳኩ

ከሁሉ በፊት በአንድ ነገር እንግባባ። እኔ ፈሪ አይደለሁም።

እናንተ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸጉጣችሁ፣ የስልካችሁን ብርሃን ቀንሳችሁ፣ የሰው ታሪክ እያነበባችሁ የምትንቀጠቀጡ ናችሁ። እኔ ግን በሕይወቴ ማንንም ለምኜ አላውቅም። አስተማሪ ሲያንበረክከኝ አልለመንኩም። እማዬ ቀበቶ ይዛ በር ላይ ስትቆም እንኳን "ነይ እንግዲህ" ነው ያልኳት።

ስለዚህ ይሄን ፈሪ የፈጠረው ወሬ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ሆኗል። እኔው ላይ ነው የሆነው። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ... ሰው ምሳውን በልቶ በሚያዛጋበት ሰዓት።

ቦታው መቃብር አይደለም። ጫካም አይደለም።

ዶሮ ቤት ነው።

ሳቁ። ሳቁና ጨርሱ፣ እጠብቃችኋለሁ።

...

ጨረሳችሁ? እንቀጥል።

ታናሽ እህት አለችኝ። ክብሪት ነው የምንላት። እግሯ ቀጭን፣ ጭንቅላቷ ትልቅ ስለሆነ ነው። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። አትዘኑላት፤ እሷ ለኔ ያወጣችልኝ ከዚህ ይብሳል፣ አልነግራችሁም።

ክብሪት ከተወለደች ጀምሮ ሰውነቷ አንድ ነገር መሥራት አያውቅበትም። የምንበላውን ቅባት የሚያሟሟ ነገር አለ አሉ፤ እኔም አለኝ፣ እናንተም አላችሁ፣ እሷ የላትም። ቅባቱ ጉበቷ ላይ እየተከማቸ ሆዷ ይነፋል፣ እግሯ ይሟሽሻል። ሐኪሞቹ እማዬን "ልብሽን አዘጋጂ" ብለዋት ነበር። እማዬ ልቧን አላዘጋጀችም። ጮኸችባቸው እንጂ።

የክብሪት አልጋ ከኩሽናው ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኛል። ውሃ ሲጠማት መጣራት ያደክማታል። ስለዚህ በጣቷ ግድግዳውን ታንኳኳለች።

ኳኳ... ኳ።

ሁለቴ ፈጠን አድርጋ፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ አንዴ። እኔ ኩሽና ውስጥ ሆኜ አንዴ እመልሳለሁ።

ኳ።

"ሰምቻለሁ፣ መጣሁ" ማለት ነው። ከሕፃንነታችን ጀምሮ እንዲህ ነን። ከሁለታችን በቀር የሚያውቀው የለም። እማዬ ራሷ አይጥ ነው የሚመስላት።

ይሄን ያዙልኝ።

እንግዲህ ከከተማው ዳር አንድ ትልቅ ግቢ አለ። የምርምር ጣቢያ ይሉታል። እኔ የዶሮ ዩኒቨርሲቲ ነው የምለው። አክስቴ እዚያ የዶሮዎቹ ኃላፊ ናት። አለቃዋ ደግሞ ዶክተሩ ነው። ዶክተሩ እጁን መቶ ጊዜ የሚታጠብ፣ ከሰው ጋር ሲያወራ ሰውዬውን ትቶ ጣሪያውን የሚያይ ሰው ነው። ጣሪያው ላይ ማን እንዳለ እንጃለት።

አንድ ቀን እማዬና እኔን አስቀምጦ እንዲህ አለን፦

"በእያንዳንዳችን ውስጥ ሰውነታችን ምን እንደሚሠራ የሚያዝ ትእዛዝ አለ። ጂን እንለዋለን። የልጅሽ ትእዛዝ አንድ ቦታ ላይ ተበላሽቷል። እኛ ደህናውን ከጤነኛ ሰው ወስደን ዶሮ ውስጥ አስገብተነዋል። ዶሮዋ እንቁላል ስትጥል፣ ለልጅሽ የጎደላት ነገር ከእንቁላሉ ነጭ ውስጥ ይገኛል። አጣርተን መድኃኒት እናደርገዋለን።"

እማዬ አለቀሰች። እኔ ደግሞ "ይሄ ሰውዬ ጤናም የለው" ብዬ በልቤ ናቅሁት።

ግን እውነቱን ልናገር። ሠራ።

መድኃኒቱ በቱቦ ይገባላት ጀመር። ሆዷ ጎደለ። ጉንጯ ሞላ። ወደ ሞት ስንሸኛት የነበረች ልጅ በእግሯ እስከ ግቢው በር ሄዳ የጎረቤት ልጅ ሰድባ ተመለሰች። እማዬ ስድቡን ሰምታ በደስታ ዘለለች።

አክስቴ ደግሞ እኔን እዚያው ሥራ አስገባችኝ። አምስተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆምኩት፤ ለዶሮ መኖ ለመስጠት ይበቃል።

የመጀመሪያ ቀን በብረቱ በር ፊት አቆመችኝ። በሩ ላይ ትንሽ መስታወት አለው።

"ከመግባትሽ በፊት አንኳኪ" አለችኝ።

"ማን አለ ውስጥ?"

"ዶሮዎቹ ናቸዋ።"

"'ግቢ' እስኪሉኝ ልጠብቅ?"

"ቀልጂ አንቺ። በር ድንገት ከተከፈተባቸው ይደነግጣሉ። ሲደነግጡ ጥግ ላይ ሄደው ይቆለላሉ፣ አንዷ በሌላዋ ላይ። ከሥር ያሉት ታፍነው ይሞታሉ። የትም ዶሮ ቤት እንዲሁ ነው። እነዚህ ደግሞ ተተኪ የላቸውም። እነሱ ካለቁ..."

አልጨረሰችውም። በአገጯ ወደ ቤታችን አቅጣጫ ጠቆመችኝ። ክብሪትን ማለቷ ነው።

"ከዚህ ግራጫ ጋውን ሌላ ቀለም እንዳትለብሺ። አዲስ ቀለም ያስበረግጋቸዋል።"

"እሺ። ቢቆለሉስ?"

"እንዳታባርሪያቸው። እንዳትጮሂ። መሬት ቁጭ ብለሽ፣ አንገትሽን ደፍተሽ፣ በለስላሳ ድምፅ ለምኚያቸው። ይበተናሉ።"

"ዶሮ ልለምን? እኔ?"

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። አክስቴ አልሳቀችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንኳኳለሁ። ግን ለቀልድ ነው የማንኳኳው። ጆሮዬ የለመደውን ነው የሰጠኋቸው፣ የክብሪትን።

ኳኳ... ኳ።

"እመቤቶቼ፣ ልግባ ወይስ እየለበሳችሁ ነው?"

ከዚያ እገባለሁ። መኖ እዘረግፋለሁ፣ መጠጫ አጥባለሁ፣ እንቁላል እለቅማለሁ፣ እሰድባቸዋለሁ። ነጫጭ ናቸው፣ ወፍራሞች። ሲራመዱ ከቢሮ እንደሚወጡ ሴትዮዎች ነው።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው አላማረኝም።

ዶሮ ይጮሃል። እንቁላል ስትጥል አገር ይሰማላታል። እነዚህ አይጮሁም። ያ ሁሉ ዶሮ ባለበት ቤት የሚሰማው የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ነው።

ደግሞ ሲያዩኝ ሁሉም አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ። ሁሉም በግራ ዓይናቸው።

"ምን ታፈጣላችሁ?" እላቸዋለሁ።

...አፈጠጡ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ቆየን። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መኖ ተሸክሜ መጣሁ። እንደ ልማዴ አንኳኳሁ።

ኳኳ... ኳ።

ከውስጥ፣

ኳ።

...

ቆምኩ።

"አክስቴ?" አልኩ።

"አቤት" አለችኝ።

ከኋላዬ። ከኮሪደሩ መጨረሻ። ባልዲ ይዛ እየመጣች ነበር።

"ውስጥ ማን አለ?" አልኳት በሹክሹክታ።

"ማንም።"

"አንኳኩልኝ እኮ።"

አክስቴ ባልዲውን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠች። በመስታወቱ አየን። ዶሮዎቹ በሙሉ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ቆመዋል። በሩ ሥር ያለችው አንዷ ምንቃሯ ብረቱን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ሄጄ ለዶክተሩ ነገርኩት። እጁን እየታጠበ ሰማኝ።

"ታንኳኪያለሽ፣ ከዚያ መኖ ትሰጫለሽ" አለ ለጣሪያው። "ተላምደዋል። አንዷ በሩን ነካች። በቃ።"

"ሁለቴም አይደለም፣ ሦስቴም አይደለም፤ አንዴ ነው የመለሱት እኮ።"

"አንቺ ስንተኛ ክፍል ነው ያቆምሽው?"

"አምስተኛ።"

"ጎሽ" አለና ፎጣውን አነሳ።

እንዴት እንደናቅሁት ልነግራችሁ አልችልም። ግን ማታ ቤት ገብቼ አንድ ነገር ሳስብ ጀርባዬ ቀዘቀዘ።

እኔ ያንኳኳሁት ኳኳ... ኳ የክብሪት ነው። እነሱ የመለሱልኝ ኳ... የኔ ነው። የኔ መልስ።

እሱን ማን ነገራቸው?

መልሱ የመጣው እንግዶች የመጡ ዕለት ነው። ከረባት ያሰሩ ሰዎች፣ ጫማቸው ላይ ፌስታል አጥልቀው ኮሪደሩን ሞሉት። ዶክተሩ በዚያን ቀን ሰው ፊት ማየት ጀመረ። ድርቅ የሚችል እህል፣ ወባ የማታስተላልፍ ትንኝ፣ ከማሕፀን ጀምሮ የሚድን በሽታ... እያለ ዘረዘረ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፤ ሲያወራው ግን ደስ ይላል። የኔም እህት እኮ እየዳነች ነው።

አንዱ እንግዳ እጁን አወጣ። "ሰው ላይስ? ልጅ ከመወለዱ በፊት ቁመቱን፣ መልኩን... ማስተካከል ይቻላል?"

ሰውዬው ራሱ የበር እጀታ የሚያክል ነው። ከራሱ አይጀምርም?

"ቴክኒኩ ሩቅ አይደለም" አለ ዶክተሩ። "ሕጉ ነው ሩቁ።"

ሁሉም ሳቁ። ሕግ ሩቅ ሲሆን ለምን እንደሚያስቅ አልገባኝም።

ከዚያ ዶክተሩ ትከሻዬ ላይ እጁን አሳረፈ። አዲስ የገዛውን ሶፋ እንደሚያሳይ ሰው።

"ምንጩ ይቺ ናት" አለ። "ዶሮዎቹ ውስጥ ያለው ጂን የተወሰደው ከዚህች ከታማሚዋ እህት ነው።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ።

"ከኔ?" አልኩ።

"ደም ሰጥተሽ የለ?"

"ለክብሪት ይስማማ እንደሆነ ልናይ ነው ያላችሁኝ።"

"ያው ለእሷ ነው የዋለው።"

"ዶሮ ውስጥ እንከትሻለን ያለኝ የለም። ማን ጠየቀኝ?"

እንግዶቹ ሳቁ። ዶክተሩም ሳቀ፣ ጆሮው ግን ቀላ።

"አንዲት ነጥብ የምታክል ነገር ናት። ከአንቺ ምንም አልጎደለም።"

"ምንም የማይጎድል ከሆነ ለምን ከራስዎ አልወሰዱም?"

ጣሪያውን አየ።

ያን ጊዜ ከበሩ ጀርባ፣ እንግዶቹ ሁሉ እየሰሙ...

ኳኳ... ኳ።

"እንዴት ደስ ይላሉ!" አለ ባለ ከረባቱ።

እኔን ደስ አላለኝም። ዶሮዎቹ እየጠሩኝ ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ አክስቴን መጋዘን ውስጥ ጎተትኳት።

"ታውቂ ነበር?"

"ቀስ በይ..."

"ታውቂ ነበር ወይ?"

"አላውቅም። እኔ የማውቀው..." ወደ ኮሪደሩ አየች። ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። "ጉንፋን ይዞሽ የቀረሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ያን ቀን ቀኑን ሙሉ በሩን ሲያንኳኩ ዋሉ። መኖ ሰጠኋቸው፣ አልበሉም። አንኳኩ፣ ዝም አሉ። አንኳኩ፣ ዝም አሉ። መልስ እንደሚጠብቅ ሰው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለማን ልንገር? ቢወራ ይዘጋል። ከተዘጋ ደግሞ መድኃኒት የለም። እህትሽን ልትቀብሪ ነው ወይስ ለዶሮ ልታንኳኪ? ምረጪ።"

እንዲህ ናት አክስቴ። ማባበል አታውቅም።

ክብሪትን መረጥኩ። ግን በጣም ተናደድኩ። ባልጠየቁኝ ነገር ዶሮ ሆንኩ፣ ጭራሽ በራሴ ዶሮ ልጠራ? በማግስቱ ሆን ብዬ ቀይ ሻሽ ራሴ ላይ ጠምጥሜ በመስታወቱ ብቅ አልኩባቸው። ለአፍታ ብቻ። ዶሮዎቹ እንደ ማዕበል ወደ ኋላ ተገፉ። ወዲያው ሻሹን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የቀረውን ሰዓት ጥሩ ልጅ ሆኜ ዋልኩ።

ማታ ቤት ስገባ ክብሪት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ያን ቀይ ነገር ለምን አደረግሽ?" አለችኝ።

"የቱን?"

"ራስሽ ላይ የነበረውን።"

ሻሹ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ቦርሳው ተዘግቷል።

"ማን ነገረሽ?"

"ያስፈራል። አታድርጊው።"

አንገቷን ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ነበር። ግራ ዓይኗ ላዬ ላይ ነው። አይርገበገብም።

"አንገትሽን ቀና አድርጊ" አልኳት።

"እንዲህ ሳደርግ ነው ደህና አድርጌ የማይሽ" አለች።

...

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ብዬ አልዋሻችሁም። ተኛሁ። ግን ስነቃ ወስኜ ነበር።

ሐሳቤ እንዲህ ነበር። ዶሮ ከሆኑ እንደ ዶሮ ይደነግጣሉ። ሳላንኳኳ በሩን ብርግድ አድርጌ እከፍታለሁ። ትንሽ ይንጫጫሉ፣ ይራወጣሉ፣ ወዲያው እዘጋዋለሁ። ከዚያ በቃ፣ ዶሮ ናቸው ማለት ነው። ክብሪትም ሕልም አይታ ነው ማለት ነው። እኔም ሰላሜን አገኛለሁ።

አውቃለሁ፣ ጅል ሐሳብ ነው። እናንተም ብትሆኑ ከዚህ የተሻለ አታመጡም።

አክስቴ ምሳ ወጥታለች። ዶክተሩ ስብሰባ ነው። ኮሪደሩ ላይ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ቀዩን ሻሽ ጠመጠምኩ።

አላንኳኳሁም።

በሩን በርግጄ ገባሁ።

ማንም አልጮኸም።

ማንም አልሮጠም።

በሩ በስፕሪንጉ ተስቦ ከኋላዬ ተዘጋ። ጧ። ልክ በዚያች ቅጽበት ማራገቢያው ቆመ። መብራት ሄዶ ይሁን ሌላ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ቤት ያለ ማራገቢያው ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ትንፋሽ ይሰማል። የብዙ ትንሽ ትንፋሽ...

ዶሮዎቹ ወደ ኋላ መሄድ ጀመሩ። ፊታቸውን ወደኔ አድርገው፣ አንድ ባንድ፣ ቀስ ብለው። ጥጉ ጋ ሲደርሱ አንዷ በሌላዋ ላይ ወጣች። ሦስተኛዋ በሁለቱ ላይ። ክንፍ ሳያርገበግቡ። ድምፅ ሳያሰሙ። እንደሚደረደር ትራስ...

ክምሩ እስከ ወገቤ ደረሰ። ከሥር ሰጋቱራው ውስጥ አንድ ምንቃር ተከፍቶ ይታየኛል። አየር ይፈልጋል። አያገኝም።

"ተበተኑ!" አልኩ።

ሌሎችም ወጡባቸው።

"ተበተኑ እላለሁ!"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከሥር እየታፈነ ያለው የክብሪት መድኃኒት ነው። እህቴን በገዛ እጄ እየገደልኳት ነው። በንቀቴ። በአንድ ሻሽ።

ሻሹን ከራሴ ላይ መንጭቄ ጣልኩት።

አክስቴ የነገረችኝ ትዝ አለኝ። መሬት ቁጭ አልኩ። አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ አንድ ነገር አልኳቸው።

ምን እንዳልኩ አይመለከታችሁም። ለአክስቴም አልነገርኳትም። በዚያ ቤት ከኔ በቀር የሰው ልጅ አልነበረም፤ በእኔና በዶሮዎቹ መካከል ይቀራል።

ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ብዙ ቆይቶ ሰጋቱራው ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከላይ ያሉት እየወረዱ ነው። ቀስ... ቀስ...

ዓይኔን ስገልጥ ከብበውኛል። አንዷ፣ ከሥር ሆና አፏን ከፍታ የነበረችው፣ እያነከሰች መጣች። ላባዋ ተጨፍልቋል። ጉልበቴ አጠገብ ቆመች። አንገቷን አዘነበለች። በግራ ዓይኗ አየችኝ።

ከዚያ ጉልበቴን በምንቃሯ...

ኳኳ... ኳ።

ሁሉም ዝም ብለው ይጠብቃሉ።

መልስ ይጠብቃሉ።

እጄ የኔ አይመስለኝም ነበር። ወለሉን አንዴ መታሁ።

ኳ።

ማራገቢያው ተነሳ።

እኔም ተነሳሁ። ፈጠን ብዬ ወጣሁ። ሩጫ አልለውም።

አክስቴ ከምሳ ስትመለስ ዶሮዎቹ መኖ እየበሉ ነበር። አንድም አልሞተም። "ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የነጣው?" አለችኝ። "ሞቆኝ ነው" አልኳት።

ቤት ስደርስ እማዬ እርጥብ ፎጣ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል።

"የት ነበርሽ አንቺ ልጅ? እህትሽ ልታመልጠን ነበር።"

"ምን ሆነች?"

"ደህና ተኝታ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ዜና ሲጀምር፣ ድንገት አየር አጠራት። 'ላዬ ላይ ወጡብኝ፣ አንሱልኝ' ትላለች። ማንም የለም እኮ! ከንፈሯ ጠቆረ። እኔ ስጮህ... እንዳመጣጡ ተዋት። አሁን ደህና ናት። ግቢ እይያት፣ እኔ ሐኪሙ ጋ ደውዬ ልምጣ።"

እማዬ ወጣች።

እኔ ገባሁ።

ክብሪት ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። አንሶላውን እስከ አገጯ ስባዋለች። ልቤ ቀጥ ሊል ነው፣ ግን ታናሽ እህቴ ፊት ይሄን አላሳይም።

"ስሚ ደግሞ" አልኳት፣ እግሬን አንፈራጥጬ ወንበር ላይ ቁጭ እያልኩ። "ዛሬ ዶሮዎቹ ሊረብሹ ሞከሩ። አንዴ ጮህኩባቸው። ሰልፍ ይዘው ቆሙ። ከዛሬ ጀምሮ ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ። አንቺም አትፍሪ፣ እኔ እያለሁ..."

አንሶላው ከትከሻዋ ላይ ተንሸራተተ።

ትከሻዋ፣ አንገቷ፣ ክንዷ... ቆዳዋ ላይ ትንንሽ ቀያይ ምልክቶች ታትመዋል። ብዙ። አንዱ በሌላው ላይ። እያንዳንዱ ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ጣት ወደ ኋላ።

አንገቷን ወደ ጎን አዘነበለች።

ግራ ዓይኗ ላዬ ላይ አረፈ።

"ዝም በይ እስቲ" አለችኝ። "ዶሮ እግር ሥር ተደፍተሽ 'እትዬ ይማሩኝ' እያልሽ ስትነፋረቂ አልነበር እንዴ! ተነሺ፣ ውሃ አምጪልኝ።"